ባሌስትራ፣ ሐዲድና ፌሮ፦ የአረብ ብረቶች ጥንካሬና ተለጣጭነት ከድሬዳዋ ጋራዦች ሲታይ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ የጭነት መኪና ከተማዋን ለቆ ብዙም ሳይርቅ የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ይያያዛል። መኪናው በጫነው ልክ ባሌስትራው ሲወርድና ሲነሳ ይውላል፤ ስለዚህ በድሬዳዋ ጋራዦች የተሰበረ ባሌስትራ የዕለት እንግዳ ነው። ከነዚህ ጋራዦች በአንዱ ያየሁት ነገር ለዚህ መጣጥፍ መነሻ ሆኖኛል። የአንድ አይሱዙ ባሌስትራ ሁለተኛ ቅጠል ተሰብሮ ምትኩ አልተገኘም። መካኒኩ በውፍረቱም በስፋቱም ከተሰበረው ጋር እኩል የሆነ ተራ ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ፣ እንደ ዋናው አጉብጦ ገጠመለት። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ቁመናው ልክ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመለስ ግን አዲሱ ቅጠል ጉብጠቱን ጨርሶ ጥሎ እንደ ሳንቃ ተዘርግቷል።

ሾፌሩ ምክንያቱን ሲናገር፣ ተራው ብረት ለስላሳ በመሆኑ ታጠፈ፣ ባሌስትራ ግን ጠንካራ ስለሆነ አይታጠፍም አለ። መካኒኩ በዚህ አልተስማማም። ባሌስትራ ባሌስትራ የሆነው ስለሚታጠፍ ነው፣ የማይታጠፍ ቢሆን መኪናው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ሻንሲው ይሰነጠቅ ነበር ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን «መታጠፍ» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት የተለያዩ ባሕርያት ነው ያዋሉት። ይህ መደባለቅ በጋራዥ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ በሕንፃ ግንባታም፣ በክፍል ውስጥ ትምህርትም ያጋጥመኛል።

ባሕርያቱን ለይተን እንያቸው። አንደኛው ግትርነት ነው፦ አንድ ብረት ሸክም ሲያርፍበት ምን ያህል ይለጠጣል ወይም ይጎብጣል የሚለው ጥያቄ። ሁለተኛው ጥንካሬ ነው፦ ሸክሙ እያደገ ሲሄድ ብረቱ ወደ ነበረበት መመለስ አቅቶት እጅ የሚሰጠው ስንት ላይ ነው የሚለው። ሮበርት ሁክ በ1678 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው ሕግ የመጀመሪያውን ይመለከታል፤ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል። የዚህ ግትርነት መለኪያ በአረብ ብረቶች ሁሉ ዘንድ ወደ 200 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። ተራው ጠፍጣፋ ብረትም፣ ፌሮውም፣ ሐዲዱም፣ ባሌስትራውም በዚህ ረገድ ልዩነታቸው ከጥቂት መቶኛ አይዘልም። ካርቦን ቢጨመር፣ በዘይት ቢነከር፣ በእሳት ቢለዝብ ይህ ቁጥር ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ግትርነቱ የሚመጣው የብረት አተሞች እርስ በርስ ከተያያዙበት ኃይል ስለሆነ፣ ጥቂት የካርቦን አተሞች ይህን መሠረት አይለውጡትም። ጥንካሬ ግን እጅግ ይለያያል። ተራ ብረት 250 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ እጅ ይሰጣል፤ በደንብ የተነከረና የለዘበ የባሌስትራ ብረት ከ1,100 በላይ ይሸከማል።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሞርሳ ይበቃል። ስፋታቸው 50፣ ውፍረታቸው 6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ አንዱ ተራ ብረት ሌላው የባሌስትራ ብረት፣ 50 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ እንዲዘረጉ ተደርገው በሞርሳ ይያዙ። ጫፋቸው ላይ 10 ኪሎ ሲንጠለጠል ሁለቱም 23 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ይላሉ። በዓይን የሚለያቸው የለም፤ ሸክሙ ሲነሳም ሁለቱም ይመለሳሉ። ሸክሙ 30 ኪሎ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለጣል። በስሌት በብረቱ ቆዳ ላይ የሚያርፈው ጫና 490 ሜጋፓስካል ገደማ ስለሚደርስ ተራው ብረት ከሞርሳው አፍ አጠገብ ተቆልምሞ ይወርዳል፣ ሸክሙ ሲነሳም እንደጎበጠ ይቀራል። ባሌስትራው ወደ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። በ1,200 ሜጋፓስካል እጅ የሚሰጥ ነው ብለን ከያዝነው፣ እስከ 70 ኪሎ ድረስ ያንኑ ያደርጋል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ከሁለተኛው ይልቅ በመጀመሪያው ሙከራ ነው የሚገረሙት። ጠንካራው ብረት ከለስላሳው እኩል መጉበጡን ለመቀበል ይቸገራሉ።

እንግዲህ ባሌስትራ «ተለጣጭ» የሚባለው በቀላሉ ስለሚጎብጥ ሳይሆን እጅ ሳይሰጥ ብዙ መጉበጥ ስለሚችል ነው። አንድ ሜትር ተራ ብረት ተለጥጦ በሰላም ሊመለስ የሚችለው 1.25 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ባሌስትራው 6 ሚሊሜትር ይደርሳል። ብረቱ ሲለጠጥ በውስጡ የሚያከማቸው ጉልበት ደግሞ በጥንካሬው ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አይቀርም፤ ከ250 ወደ 1,200 ሲኬድ ሃያ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ የሚመጣውን ጉልበት ተቀብሎ የሚመልሰው ይህ አቅም ነው። የጋራዡ ጠፍጣፋ ብረት የተሸነፈው እዚህ ላይ ነበር።

ታዲያ ባሌስትራ በቀላሉ እንዲጎብጥ ሲፈለግ ለስላሳ ብረት መምረጥ ካልጠቀመ ምን ይደረጋል? መልሱ ማሳሳት ነው። ቅጠሎቹ ተደራርበው እርስ በርስ የሚንሸራተቱት ለዚህ ነው። አምስት ቅጠሎች ተበይደው አንድ ወፍራም ብረት ቢሆኑ፣ ተለያይተው ከሚጎብጡት ይልቅ ሃያ አምስት እጥፍ ግትር ይሆኑ ነበር። የድሬዳዋ አሮጌ የፔዦ 404 ታክሲዎች የኋላ ሞላም በሌላ መንገድ ያንኑ ይሠራል፦ ረጅም ዘንግ ተጠቅልሎ እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ጥቂት ይጠመዘዛል፣ ድምሩ ግን ብዙ ይሆናል።

ጥንካሬውን የሚሰጠው እሳቱ ነው። የባሌስትራ ብረት ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን ይዟል፣ ብዙውን ጊዜም ሲሊኮን ወይም ክሮም ይጨመርበታል። ከ850 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ዘይት ውስጥ ሲነከር እንደ ብርጭቆ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ወደ 450 ወይም 500 ዲግሪ ተሙቆ ሲለዝብ ጥንካሬውን ብዙም ሳይጥል ተሰባሪነቱን ይተዋል። ቀጥቃጮች ከአሮጌ ባሌስትራ ምሳር፣ ቢላና ጩቤ የሚሠሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ቀጥቃጩ ቢላውን ከወናፉ ፍም አውጥቶ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከከተተው በኋላ፣ ቆዳውን በአሸዋ ድንጋይ አጥርቶ በቀስታ መልሶ ያሞቀዋል። ቀለሙ ገለባ ሲመስል ለስለት፣ ወደ ሰማያዊ ሲያልፍ ምት ለሚበዛበት መሣሪያ ብሎ ያቆመዋል። ገለባው ቀለም ወደ 220፣ ሰማያዊው ወደ 300 ዲግሪ ይጠጋል። ቴርሞሜትር በሌለበት ሥራ በዓይን ብቻ ይህን ያህል መቅረብ ትልቅ ችሎታ ነው፤ በሙያቸው ሲናቁ ለኖሩ ቀጥቃጮቻችን ይህን ያህል እንኳ ማለት ያንሳል።

በጋራዦቻችን የማየው ከባድ ስሕተት ግን ከዚሁ እሳት ይመጣል። ጉብጠቱ የወረደ ባሌስትራ በኦክስጅን ነበልባል ቀልቶ እንደገና ይጎበጥና በአየር ይቀዘቅዛል። ቅርጹ ይመለሳል፣ ሙቀት ያጠነከረው ባሕርይ ግን ያንኑ ጊዜ ጠፍቷል። ኬሚካዊ ስሪቱም ግትርነቱም ስላልተለወጠ መኪናው ቆሞ ሲታይ ምንም አይታወቅም፤ ከባድ ጭነት ሲመጣ ግን ቅጠሉ መልሶ ይተኛል። የተሰበረውን መበየድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የብየዳው ዳር በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ሳይለዝብ ደርቆ ይቀራል፣ ቅጠሉም ብዙውን ጊዜ ከብየዳው መስመር ጥቂት ራቅ ብሎ እንደገና ይሰበራል።

ድሬዳዋ ራሷ የሐዲድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ መስመሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው አዲስ ከተማ በቀለች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፣ የጥገናው ልብ የሆነው ወርክሾፕም ድሬዳዋ ቀረ። ሐዲድ የሚፈለግበት ከባሌስትራ ይለያል። ብዙ መጉበጥ አይጠበቅበትም፤ የሺህ ጎማዎችን ፍትጊያ መቋቋም አለበት። ስለዚህ ዘመናዊ ሐዲድ 0.7 በመቶ ገደማ ካርቦን ይይዛል፣ የሚበጠስበት ጫናም ከ880 ሜጋፓስካል በላይ ነው። የሐዲድ ቁራጭ በቀጥቃጭ ቤት መስፍ ሆኖ የሚያገለግለው ለዚሁ ነው፦ ከባድ ነው፣ መዶሻም በቀላሉ አያጎደጉደውም።

ሐዲዱ ግን ከፀሐይ ጋር ሌላ ትግል አለበት። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ በሜትር 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ሐዲዱ ከሌሊት እስከ ቀትር 40 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 12 ሜትር ሐዲድ ወደ 6 ሚሊሜትር ይረዝማል። በአሮጌ መስመሮች መገጣጠሚያ ላይ ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ሐዲዱ ተበይዶ እንዳይሰፋ ከተያዘ ደግሞ በዚያው 40 ዲግሪ ወደ 96 ሜጋፓስካል ጫና ውስጡ ይታመቃል። ይህ ጫና የሚሰላው ከግትርነቱ ስለሆነ፣ ጠንካራ ብረት መግዛት ቅንጣት አይቀንሰውም። የሚያድነው ሐዲዱን ከመሬት ጋር አጥብቆ መያዝ ነው።

ፌሮ ዘንድ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከባሌስትራ የምንሻው ፈጽሞ እጅ እንዳይሰጥ ነው፤ ከፌሮ ግን እጅ ሰጥቶም ሳይበጠስ ረጅም መንገድ እንዲለጠጥ እንሻለን። በምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃው ጉልበቱን የሚያባክነው በፌሮው መለጠጥ ነው። ድሬዳዋ ከስምጥ ሸለቆው ዳርቻ አጠገብ ስላለች ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጡት የአገራችን የሕንፃ ደረጃዎች የተመሠረቱበት የአውሮፓ ኮድ ፌሮን በተለጣጭነቱ በሦስት ይመድባል፦ በትልቁ ሸክም ላይ ዝቅተኛው 2.5፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 7.5 በመቶ ቢያንስ መለጠጥ አለባቸው። ለመንቀጥቀጥ ወሳኝ በሆኑ የምሰሶና የቢም ክፍሎች ዝቅተኛው ምድብ አይፈቀድም። ሆኖም በግንባታ ቦታ ስለ ፌሮ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ብቻ ነው። ፌራዮው አንዴ ያጠፈውን በመዶሻ አቅንቶ እንደገና ሲያጥፍ፣ ያን ውድ የመለጠጥ አቅም ከመንቀጥቀጡ በፊት እዚያው እየፈጀው ነው።

ለመሐንዲሶችም አንድ ነገር አለ። ከ300 ሜጋፓስካል ፌሮ ወደ 500 ሲያልፉ የብረቱን ብዛት መቀነስ የተለመደ ነው። ቢሙ አይወድቅም፤ ግን በዕለት ሸክም ሥር ያ ቀጭን ብረት እንደ ድሮው ግትር ስላልሆነ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ኮንክሪቱ ይበልጥ ይሰነጠቃል፣ ወለሉም ይበልጥ ይሰምጣል። ጥንካሬው ተገዝቷል፣ ግትርነቱ ግን በኪሎ ነው የሚመጣው፣ ኪሎውም ተቀንሷል።

ወደዚያው ጋራዥ ሌላ ቀን ተመልሼ ነበር። መካኒኩ ከስክራፕ ያገኛቸውን ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች በገመድ አንጠልጥሎ በመፍቻ መታቸው፤ ጥሩው በድምፁ ይለያል ብሎ ነው። እኩል የተቆረጡ ስለነበሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡ። ድምፁን የሚወስነው ከቅርጹ ጋር ግትርነቱና ክብደቱ ነውና፣ ባሌስትራውን ከተራው ሊለይለት አልቻለም። የምድር ባቡር ሠራተኞች ጎማዎቹን በመዶሻ እየመቱ የሚያዳምጡት ለሌላ ነው፤ ስንጥቅ ያለበት ጎማ ድምፁ ይታፈናል። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ሞረዱን አንስቶ ሁለቱንም ጫፎች ፋቀ። በአንዱ ላይ ሞረዱ እየነከሰ ሄደ፣ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ፉጨት አወጣ። የተንሸራተተበትን ለባሌስትራ ለይቶ አስቀመጠው።