የእንዳ ኢየሱስ ምንጭና የኮምፒውተር ጦርነቶች

እኔ የታሪክ ስትራቴጂ ጌሞችን የምመዝነው በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ነው። ከሮማናት አደባባይ በእግር የሚደረስበት፣ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት ኮረብታ ማለቴ ነው። ሮማናት አካባቢ ጌም ቤት ውስጥ ያደግን ልጆች ፋርስን፣ ሞንጎልንና ባይዛንታይንን እየመራን ስንዋጋ፣ ደጃፋችን ላይ የተደረገው ከበባ የትኛው ጌም ውስጥ ሊገባ ይችል እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አሁን እጠይቃለሁ።

በኅዳር 1888 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያናዊው ሜጀር ቶዜሊ አምባላጌ ላይ ተሸንፎ ከሞተ በኋላ፣ የአገሩ ልጅ ሜጀር ጋሊያኖ ከሺህ በላይ ወታደር ይዞ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሸገ። አብዛኞቹ አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን የሚዋጉ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ምሽጉ በድንጋይ የታጠረ፣ መድፍ የተጠመደበት ነው። የራስ መኮንን ጦር ፊት ለፊት ገሰገሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ግንቡ ግን አልተደፈረም። ጣሊያኖቹ የሚጠጡት ውሃ ከግንቡ ውጪ ነበርና በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ መድፍ ምን ሊረዳ? ጥር ላይ ጋሊያኖ በድርድር ምሽጉን ለቀቀ። አጼ ምኒልክም ሰዎቹን ከነመሣሪያቸው፣ አጃቢ ሰጥተው ወደ ወገኖቻቸው ሸኟቸው። አድዋ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው መሆኑ ነው።

ሲቪላይዜሽን 5 የተባለው ጌም ኢትዮጵያን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ጎድስ ኤንድ ኪንግስ በተባለው ማስፋፊያው ነው። መሪው አጼ ኃይለ ሥላሴ፣ ልዩ ወታደሩ መሀል ሰፋሪ፣ ልዩ ሕንፃው ሐውልት ነው። «የአድዋ መንፈስ» የተባለው ችሎታ ከእኛ የበለጠ ከተማ ያለውን ጠላት ስንገጥም የወታደሮቻችንን ጉልበት 20 በመቶ ይጨምራል። ስጫወተው ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አድዋን ወኔ ብቻ ያደርገዋል። ወኔማ እንዳ ኢየሱስ ግንብ ሥርም ነበር፤ ሰው አስጨረሰ እንጂ ግንቡን አላስከፈተም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በሲቪላይዜሽን 6 ላይ የተጨመረው የኢትዮጵያ ጥቅል በዚህ ይሻላል። ምኒልክን አንግሦ ለኮረብታ ዋጋ ሰጠ፤ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ በሳይንስና በባህል ይጠቀማል፣ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ወታደርም ይበረታል። የሠሩት ሰዎች የአገራችንን መልክዓ ምድር ልብ ብለው ማየታቸው ያስታውቃል። ይሁንና እንዳ ኢየሱስ ላይ ኮረብታው የጣሊያን ነበር፤ የተጠማውም ኮረብታው ላይ የነበረው ነው። ሰባተኛው አክሱምን ከነሐውልቱና ከነታንኳው አምጥቷል፤ እሱ የንግድና የባሕር ታሪክ ስለሆነ እዚህ አላነጻጽረውም።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ኢትዮጵያን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015፣ አፍሪካን ኪንግደምስ ሲጨመርበት ነው። ቀስተኞቻችን ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ባለ ሾተሉ ተዋጊ ከግንብ ይወጣል፣ የዮዲት ዘመቻም አለ። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሳይቀር አስገባ። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት እውነተኛው ሴባስቶፖል መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው መቅደላ የደረሰው። ጌሙ ውስጥ መድፉ አለ፤ የጎተተው ሕዝብ ግን የለም።

ከሁሉም የማስበልጠው ሁለተኛውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ነው፤ ምክንያቴም ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ (የአገራችንን ቼዝ) ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ ከሁለት አንዱ የባላጋራውን ወታደር እስኪበላ ድረስ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሲቪላይዜሽን ከመነሻው በተራ ነው፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ከዳር እስከ ዳር ወረራ ነው። እኛ እንጨት ስናስቆርጥ ባላጋራችን መንገድ ላይ ነው።

ግን ውሃ የለውም። ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ ይሰበሰባል፤ ግንብ ውስጥ የገባ ወታደር ግን ሳይበላና ሳይጠጣ የፈለገውን ያህል ይቀመጣል፤ እንዲያውም ቁስሉ ይሽራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባንክ ተዘግቶባት፣ ስልክ ተቆርጦባት በከረመችው መቀሌ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። መከበብ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ደግነቱ ጌሙ የራስን ካርታ መሥሪያ አለው። መቀሌ ውስጥ ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ እንዳ ኢየሱስን ሥሩት። ኮረብታውን አንሡ፣ ግንቡን አጥሩ፣ ምንጩን ከግንቡ ውጪ አድርጉ። ምንጩ በተያዘ ጊዜ ግንቡ ውስጥ ያለው ወታደር ጤናው በየደቂቃው እንዲቀንስ አዝዙ፤ ትሪገር የሚባለው ክፍል ይህን ይችላል። ለጋሊያኖ ሰዎችም በሰላም የሚወጡበት በር ተዉላቸው፤ ከበባው ያለቀው እንደዚያ ነውና።