የኬሊ ባርንስ ግድብ፦ ወደ መዝናኛነት የተለወጠ የአፈር ግድብና የደህንነት ቁጥጥሩ

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በቶኮዋ ከተማ አቅራቢያ ይገኝ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ ከፍታው 12 ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሜትር ገደማ የሆነ አነስተኛ የአፈር ግድብ ነበር። ግድቡ ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ተደርምሶ፣ ከበታቹ በሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ግቢ ይኖሩ የነበሩ 39 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

ግድቡ በመጀመሪያ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከእንጨትና ከድንጋይ ሲሆን፣ ዓላማውም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነበር። በኋላም ኮሌጁ በአሮጌው ግድብ ላይ አፈር እየደለደለ ከፍታውን ጨምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ኃይል ማመንጨቱ ሲቋረጥ ሐይቁ መዝናኛ ሆነ። ኃይል የሚያመነጭ ግድብ ሥራው ሲስተጓጎል ወዲያው ይታወቃል፤ የመዝናኛ ሐይቅ ግን ውሃው እስካለ ድረስ ጤነኛ ይመስላል።

አደጋውን ያጣራው የመርማሪዎች ቡድን መንስኤው አንድ ብቻ አለመሆኑን ገልጿል። ለቀናት የጣለው ከባድ ዝናብ ሐይቁን ሞልቶታል። የግድቡ የታችኛው ገጽ እጅግ ቀጥ ያለ ተዳፋት ነበር፤ ከአደጋው ዓመታት በፊትም በዚሁ ገጽ ላይ የአፈር መንሸራተት ደርሶ ነበር። በመርማሪዎቹ ግምት፣ ተዳፋቱ በከፊል ሲናድ የግድቡ አናት ተሸርሽሮ መላ አካሉ ፈርሷል። ውሃ በግድቡ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን እየቦረቦረ መውሰዱም ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ ተመልክቷል።

ሕግ አልነበረም ለማለት አይቻልም። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ብሔራዊ የግድቦች ፍተሻ ሕግ አውጥቶ፣ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ጓድ የአገሪቱን ግድቦች ቆጥሮ እንዲመዘግብና እንዲፈትሽ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ቆጠራው ቢካሄድም ለፍተሻው በቂ በጀት ባለመመደቡ ሥራው በአብዛኛው በወረቀት ላይ ቀርቷል። ከቶኮዋ አደጋ በኋላ ግን የቀድሞው የጆርጂያ አገረ ገዥ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፌዴራሉ መንግሥት ያልሆኑና ለሕይወት አስጊ የሆኑ ግድቦች እንዲፈተሹ አዘዙ። እ.ኤ.አ. እስከ 1981 ከ8 ሺህ በላይ ግድቦች ተፈትሸው፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጉድለት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ጆርጂያም እ.ኤ.አ. በ1978 የራሷን የግድቦች ደህንነት ሕግ አወጣች።

በዚህ አሠራር ግድቦች በአደጋ ደረጃ የሚመደቡት ቢፈርሱ በሚያስከትሉት ጉዳት እንጂ በግድቡ አካል ጥንካሬ አይደለም። በመሆኑም ባዶ መስክ በነበረው የታችኛው ሸለቆ ቤቶች ሲሠሩ፣ ግድቡ ራሱ ባይለወጥም ደረጃው ከፍ ይላል፤ ባለቤቱም ጥብቅ የሆነውን መስፈርት የማሟላት ግዴታ ይኖርበታል።