አምቡሹር፦ ከንፈር አገጣጠም

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በቴነር ሳክስፎን ሲያስጮኸው የሰማ ሁሉ «ይነፋዋል!» ይላል። እረኛም ዋሽንት ይነፋል፤ በቤተ መንግሥትም መለከት ይነፋ ነበር። አንድ ግስ ለሁሉም ይበቃል። ችግሩ «መንፋት» የሚናገረው ስለ ሳንባ ነው፤ ትንፋሹ መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከንፈር፣ ጥርስና መንጋጋ ስለሚያደርጉት ግን ምንም አይነግረንም። የሙዚቃ መምህራን ይህን ሥራ አምቡሹር ይሉታል።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። «ቡሽ» አፍ ሲሆን፣ ከዚያ የወጣው «አምቡሼ» የሚለው ግስ አፍ ላይ ማድረግ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ነፊዎቻችን ማውዝፒስ የሚሉትን የመሣሪያውን አፍም፣ ወንዝ ባሕር የሚገባበትንም ቦታ አምቡሹር ብለው ይጠሩታል።

በአማርኛ «ከንፈር አገጣጠም» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። «አፍ አያያዝ» ቢባል ስለ ንግግር የሚወራ ይመስላል፤ «አነፋፍ» ደግሞ ትንፋሹንም ጣቱንም ይጠቀልላል። አስተማሪ ተማሪውን «ከንፈር አገጣጠምህ ላልቷል» ቢለው ወዲያው ይገባዋል።

አገጣጠሙ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ዋሽንት ሰያፍ ተይዞ አፉ ከከንፈር ጥግ ይደገፋል። ከከንፈር መካከል የሚወጣው ቀጭን ትንፋሽ የሸምበቆው ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅ ድምፅ ይፈጠራል። ዋሽንቱ በጥቂቱ እንኳ ዘንበል ቢል ድምፁ ይሻክራል፣ ወይም እንደ ንፋስ ሽው ብሎ ይቀራል። ከንፈር ጠበብ፣ ትንፋሽ ፈጠን ሲል ደግሞ ጣቶቹ ሳይንቀሳቀሱ ድምፁ ወደ ላይ ይዘላል። እምቢልታ ይህን ነገር እስከ ጫፍ ወስዶታል፤ የጣት ቀዳዳ የለውምና ነፊው ያለው ከንፈሩና ትንፋሹ ብቻ ነው። ከአንዱ እምቢልታ የሚወጣው ድምፅ ጥቂት ስለሆነ ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞሉታል።

መለከትና ትራምፔት ላይ የሚንቀጠቀጠው ራሱ ከንፈር ነው። ትራምፔት ነፊ ሦስቱን ቁልፎች ሳይነካ፣ ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት ብቻ በርካታ ድምፆች ያወጣል። በሳክስፎን የሚንቀጠቀጠው ሪዱ፣ ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ስንጥር፣ ነው፦ የላይ ጥርስ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፣ የታች ከንፈር በታች ጥርሶች ላይ ታጥፎ ሪዱን ከሥር ይደግፋል። መንጋጋ ትንሽ ሲላላና ሲጠብቅ በሪዱ ላይ ያለው ጫና ይለወጣል፤ ያ ረጅም፣ የሚርገበገብ የሳክስፎን ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። በነገራችን ላይ ሳክስፎን አካሉ ናስ ሆኖ ሳለ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጎራ የሚመደበው በዚሁ ሪድ የተነሣ ነው።

የጥርስ ነገር ቀላል እንዳይመስል። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ነፊ ቼት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተደብድቦ ጥርሶቹ ተጎዱ፤ ኋላም ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ። ጣቶቹ ምንም አልሆኑም፤ ዜማውንም አልረሳም። ከንፈር አገጣጠሙን ግን እንደ ጀማሪ ከሀ መማር ነበረበት፤ በሚገባ ወደ መድረክ የተመለሰውም በ1970ዎቹ ነው።