የደም አጠባበቅና አሰጣጥ ታሪክ፤ ከእምድብር አገር አንጻር

ይህ አጭር ጥናት በሐኪም ቤቶች የደም አጠባበቅና አሰጣጥ ከምን ተነሥቶ በራሳቸው እስከሚሠሩ መሣሪያዎች እንደ ደረሰ፣ ይኸውም ለእምድብርና ለአካባቢው ምን ሊጠቅም እንደሚችል ለማመልከት የታሰበ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደም ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፍ ለብዙ ዘመን እንደ ዕጣ ነበር፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይሞት ነበር። ምክንያቱ የታወቀው የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይቶ ካሳወቀ በኋላ ነው። በ1914 ደግሞ ሲትሬት የተባለው ጨው ደም እንዳይረጋ ለማድረግ በሕክምና ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ሰጪውና ተቀባዩ ጎን ለጎን መሆን ነበረባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደም ተለይቶ ሊቀመጥ ቻለ። በ1937 በርናርድ ፋንተስ በቺካጎ ያቋቋመውን ማስቀመጫ «የደም ባንክ» ብሎ ሰየመው።

በአገራችን በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1969 በአዲስ አበባ የደም ባንክ አቋቋመ። በዚሁ ዓመት የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ለእምድብር ቅርብ በሆነው በአጣጥ ሆስፒታል ከፈቱ። የደሙ ሥራ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላለፈ። ቀድሞ ደም በአብዛኛው የሚገኘው ከበሽተኛው ዘመዶች ስለ ነበረ፣ ወገኑ ሩቅ የሆነ ሰው ይቸገር ነበር።

በአጣጥ ከ1987 እስከ 2008 የተመዘገበው እጅግ የሚያስተምር ነው። የሚያሠጋ እርግዝና ያላቸው እናቶች ከመውለዳቸው በፊት መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለ። በማረፊያው ከቆዩት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወላዶች ወደ 90 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ወደ 1,333 ነበሩ። ይህ ልዩነት መዘግየትና ርቀት ምን ያህል እንደሚጎዱ ያሳያል። ደምም እንደዚሁ ነው፤ የምትደማ እናት ደም ከሩቅ እስኪመጣ ልትጠብቅ አትችልም።

ይሁን እንጂ ደም በቅርብ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መጠበቅ አለበት፤ በተለመደው ማቆያ ፈሳሽ የሚቆየውም 35 ቀን ነው። መብራት በሌሊት ቢጠፋና ማቀዝቀዣው ቢሞቅ፣ ጠዋት መልሶ ስለቀዘቀዘ ብቻ ጉዳቱ ላይታወቅ ይችላል። ሙቀቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግብና ከወሰኑ ሲያልፍ የሚጮኽ መሣሪያ ይህን ስውር አደጋ ይገልጣል።

ሁለተኛው አደጋ የስም ስሕተት ነው። የአንዱ ደም ለሌላው ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የምርመራው ሳይሆን የጽሕፈትና የመለየት ነው። ስለዚህ በከረጢቱና በበሽተኛው እጅ ላይ ያለውን ባር ኮድ አንብቦ የሚያመሳክር፣ ቀኑ ያለፈበትንም የሚከለክል መሣሪያ የደከመውን ሠራተኛ ይረዳል። በማከፋፈልም ረገድ ሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ደምን ሰው በሌለባቸው አውሮፕላኖች ወደ ገጠር ሐኪም ቤቶች ትልካለች።

በእኛ አስተያየት ግን ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። መሣሪያ ያለ መብራትና ያለ ጠጋኝ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሰጪ ከሌለም የሚጠብቀው ደም አይኖረውም። እንግዲህ በመጀመሪያ የመጠባበቂያ ኃይልና የሙቀት መመዝገቢያ፣ ቀጥሎ የባር ኮድ ማመሳከሪያ፣ ከዚያም በኋላ የማመላለሻው ነገር ሊታሰብ ይገባል። ሰጪን በሚመለከት የጉራጌ ሕዝብ በ1960ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ አውራ ጎዳና ያሠራ ነው። ያ መንገድ ሰውንና ንግድን እንዳቀራረበ ሁሉ፣ በየጊዜው በፈቃድ ደም የመስጠት ልማድም በዚያው የመረዳዳት ባሕል ላይ ሊተከል ይችላል። መሣሪያው የሚጠብቀው የሕዝቡን ስጦታ ነውና፣ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊታሰቡ አይገባም።