ደካማ የሚመስለው ብልት፦ ከፑኝዶና ከጋምቤላ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ስለ አካልና ስለ ብልቶች ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ አሳብ አለ። ደካሞች የሚመስሉት ብልቶች የግድ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል (ቁጥር 22)። እንታገሣቸው ወይም እንዘንላቸው ብቻ አላለም። እነርሱ ከሌሉ አካሉ ይጎድላል ማለቱ ነው።

እኛ በአጥቢያችን ስለ አገልግሎት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ከጠንካራው ወደ ደካማው ስለሚሄደው ስጦታ ነው። ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ የተማረው ያላወቀውን ያስተምራል፤ የቆየው ምእመን አዲሱን ይደግፋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከደካማውም ወደ አካሉ ሁሉ የሚመጣ ነገር አለ። ይህንን በአገራችን በምዕራብ ጫፍ፣ በፑኝዶ ከሆነው ነገር እንማር።

ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል በጎግ ወረዳ፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአኙዋ ሕዝብ መኖሪያ ናት። ስሟ በዓለም የታወቀው በስደተኞች ካምፕዋ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ወንጌል በእነማን እጅ ወደዚህ አካባቢ እንደመጣ ማስታወስ ይገባናል።

በባሮ በኩል የመጣው ወንጌል

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ነበረች። ከሱዳን የሚነሡ የእንፋሎት ጀልባዎች ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ እስከዚያ ይደርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥተው በዚህ በኩል ወደ ደጋው ወጡና በወለጋ ሳዮ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ የሕክምናና የወንጌል ሥራ ጀመሩ።

ከዚያ ሥራ ፍሬ አንዱ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። በሰው ዓይን ሲታይ ለቤተ ክርስቲያን ሸክም እንጂ ምሰሶ የሚሆኑ አይመስሉም ነበር። ነገር ግን ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ፣ ያችን ለጋ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ከቆዩት መሪዎች መካከል ይህ ዓይነ ስውር ወንጌላዊና ባልደረባቸው ቄስ ማሞ ጮርቃ ግንባር ቀደሞች ነበሩ። ሐኪሙና ገንዘቡ ሲሄዱ ወንጌሉ አልሄደም። ዓይነ ስውር ሰው በመንደር መካከል ለመዘዋወር መንገድ የሚመራው ያስፈልገዋል። ያንን እጅ ይዞ የመራ ሰው ስሙ በታሪክ ባይጻፍም፣ እርሱም የአካሉ ብልት ነበረ።

በቆላው ደግሞ በአኙዋ መካከል የሠሩት ቄስ ዶን ማክሉር ናቸው። አስቀድሞ በሱዳን በኩል በአኮቦ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በባሮ ዳርቻ በፖክዎ የሚሽን ጣቢያ አቋቋሙ። የማክሉር ዕቅድ አንድ ሰባኪ ብቻውን እንዲሠራ አልነበረም። ወንጌላዊ፣ ሐኪም፣ መምህርና የእርሻ ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው እንዲያገለግሉ ነበር። እነርሱ ግን ሁሉም አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር፤ የአኙዋን ቋንቋ አያውቁም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደዚያ ቋንቋ መተርጎም የቻሉት የአኙዋ ሰዎች ቃል በቃል እያስተማሯቸውና እያረሟቸው ነው። በዚያ ሥራ ዲግሪ ያለው ተማሪ፣ ፊደል ያልቆጠረው መምህር ሆነ። ማክሉር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በኦጋዴን፣ በጎዴ ተገደሉ። የተከሉት ግን በአኙዋ ወንጌላውያን እጅ ቀጠለ።

ከዚህ የፕሬስቢቴሪያን ሥራ የተወለደችው የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። መካነ ኢየሱስ በሉተራን ሥርዓት የቆመች፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተች ነበረች። ሁለቱ ወገኖች በአስተዳደርና በሥርዓት ይለያዩ ነበር። ቢሆንም ልዩነታቸው አንድ ከመሆን አላገዳቸውም፤ የቤቴል ስምም በሲኖዶሶቹ መጠሪያ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ባዶ እጃቸውን የመጡት ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1987 ገደማ በደቡብ ሱዳን የተቀጣጠለው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ወደ ኢትዮጵያ አሰደደ። አብዛኞቹ ዲንካና ኑዌር የሆኑ ወንዶች ልጆች ነበሩ። መንደራቸው ሲቃጠል ከወላጆቻቸው ተለይተው ለሳምንታትና ለወራት በእግራቸው ተጓዙ። ብዙዎች በረሃብ፣ በጥም፣ በበሽታና በአውሬ በመንገድ ቀሩ። በኢትዮጵያ ካምፖች ወላጅ ሳይኖራቸው የኖሩት ልጆች 17,000 ያህል እንደነበሩ ይገመታል። ከካምፖቹም ዋነኛዋ ፑኝዶ ነበረች።

እነዚህ ልጆች ምን ይዘው መጡ? እህል የላቸውም፤ ልብስ የላቸውም፤ እናት አባት የላቸውም። አንዳንዶቹንም ታጣቂዎች ለውጊያ መልምለዋቸዋል። ነገር ግን በቡድን በቡድን ሆነው መኖር ጀመሩ። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ጠበቁ። እንጨትና ሣር ሰብስበው ጎጆ ሠሩ። ውኃ የሚቀዳው ቀዳ፤ የሚያበስለው አበሰለ፤ እርሳስና ደብተር በሌለበት በአፈር ላይ በጣታቸው ፊደል ጻፉ። የሞተውን ጓደኛቸውን የቀበሩትም እነርሱው ናቸው። ሕፃን ሕፃንን ሲያሳድግ ታየ።

በዛፍ ጥላ ሥርም ጸሎትና ዝማሬ ነበረ። በዚያ የጦርነትና የስደት ዘመን በዲንካ ምእመናን መካከል እጅግ ብዙ አዳዲስ መዝሙሮች ተደረሱ። ከደራሲዎቹም ብዙዎቹ ወጣቶችና ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ሜሪ አሉኤል ጋራንግ በሰፊው ትታወቃለች። ከዚያ በፊት በዲንካ መካከል የክርስትና እምነት በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ነበረ። በመከራው ዘመን ግን ሕዝቡ በብዛት ወደ ጌታ መጣ። የወንጌሉ መልእክተኞችም ከብታቸውንና ቤታቸውን ያጡ፣ ከእንጨት የተቀረጸ መስቀል ይዘው የሚዘምሩ ሰዎች ነበሩ። ደካማ የሚመስለው ብልት አካሉን ሲያሳድግ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ልጆቹ ከፑኝዶ እንደገና ሸሹ። በጎርፍ የሞላውን የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች በውኃ፣ በጥይትና በአዞ አለቁ። የተረፉት በሱዳን አልፈው በ1992 ከ10,000 በላይ ሆነው ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ከእነርሱም 3,800 ያህሉ ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ሰፈሩ። ፑኝዶም እ.ኤ.አ. በ1993 ለስደተኞች እንደገና ተከፈተች። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስም ከደቡብ ሱዳን የሚሸሹትን ስትቀበል ቆይታለች።

አካሉ ሲቆስል

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ታሪኩን ብናቆም ደስ ይል ነበር። እውነቱ ግን ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ በፑኝዶ ካምፕ ውስጥ በተነሣ ግጭት ብዙ ስደተኞች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በጋምቤላ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋዎች ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያም በኑዌርና በአኙዋ መካከል ደም ፈሰሰ። በእነዚህ ወገኖች ሁሉ መካከል ክርስቲያኖች አሉ፤ እሑድ እሑድም የአንዱን ጌታ ስም ይጠራሉ።

ስለዚህ በጋምቤላ አንድነት ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ዓይን ለእጅ አታስፈልገኝም ማለት አይችልም ሲል ጳውሎስ የጻፈው በቆሮንቶስ ስለነበረው መናናቅ ነው። አንዱ የሌላውን ወንድም በቀበረበት ስፍራ ግን ያ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ እናስብ። እንግዶችን የተቀበለው የአኙዋ ገበሬ መሬቱንና ጫካውን ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ተካፍሏል፤ ይህም ስጦታ ነው፤ ሕመሙም ሊሰማ ይገባል። ስደተኛውም ከሞት ሸሽቶ መጥቶ እንደገና ሞት አግኝቶታል። አንዱ ብልት ሲሠቃይ ሌሎቹ አብረው ይሠቃያሉ የሚለው ትምህርት (ቁጥር 26) ከሁሉ አስቀድሞ የጠላቴን ለቅሶ እንድሰማ ይጠይቀኛል። በኤፌሶን ምዕራፍ 2 እንደምናነበው፣ በሁለቱ መካከል የነበረውን ግድግዳ ክርስቶስ ያፈረሰው በገዛ ሥጋው ነው። እርቅ ዋጋ የተከፈለበት ነውና ርካሽ አድርገን አንናገረው።

የተስፋ ምልክቶች ግን አሉ። በጋምቤላ ከተማ ባለው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ፍሬምናጦስ የነገረ መለኮት ኮሌጅ የአኙዋ፣ የኑዌርና የሌሎች ብሔረሰቦች ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የእግዚአብሔርን ቃል ይማራሉ። ይህ ትንሽ ጅምር ሊመስል ይችላል። የሰናፍጭ ቅንጣትም ትንሽ ናት።

ለእኛስ?

ብዙዎቻችን ፑኝዶን አላየናትም። ይሁን እንጂ በየአጥቢያችን ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። አንደኛው፣ እኔ ምንም የለኝም፣ ስለዚህ ከአካሉ አይደለሁም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ሁሉ አለኝ፣ ስለዚህ አንተ አታስፈልገኝም የሚል ነው። ለመጀመሪያው ቄስ ጊዳዳና በአፈር ላይ ፊደል የጻፉት ልጆች ይመልሱለታል። ለሁለተኛው ደግሞ ቋንቋውን ከመንደር ሰው የለመኑት ምሁራን ይመልሱለታል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። በጉባኤያችን መካከል ስሙን የማናውቀውን፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ቀርበን እንጠይቀው። በቋንቋው ወይም በዘሩ ምክንያት በልባችን ያራቅነው ወንድም ካለ በስሙ እየጠራን እንጸልይለት። እኛም ትንሽ ናት ብለን የሸሸግናትን ስጦታ ወደ ጌታ እናምጣት። በኤፌሶን 4፥16 አካሉ የሚያድገው እያንዳንዱ ክፍል በልኩ ሲሠራ እንደሆነ ተምረናል። ልክህ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንተ ካላመጣኸው ግን ያ ስፍራ ባዶውን ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያን ራስ የሆነው ጌታ ኢየሱስ የተለያየነውን ያገናኘን፤ የቆሰለውን ይፈውስ። ለፑኝዶና ለጋምቤላ ምድርም ሰላሙን ያብዛላት። አሜን።