ዜና አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን፣ የልጅ ተፈሪ መምህርና ሞግዚት

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ድሉም ለኢትዮጵያ ሠራዊት አልቀናም። ሰቆጣ ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ በጠላት እጅ ገብታ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በኮረም በኩል ሲመለሱ መንገዳቸውን ወደ ላስታ አዞሩ፤ ከላሊበላም ገብተው ጸለዩ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ስደት ሄዱ። ይህን የዋግና የላስታ ሽማግሌ ሁሉ ሲተርከው ኖሯል። እኔ ግን የምጽፈው ብዙ ስላልተወራለት ነገር ነው። ንጉሡ በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ ተቀምጠው የሕይወታቸውን ታሪክ ሲያጽፉ፣ ስለ ዙፋንና ስለ ጦርነት ከማተታቸው በፊት በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ የካቶሊክ ካህን አነሡ። ስማቸውም አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተፈሪ መኮንን በ1884 ዓ.ም. ሐምሌ 16 ቀን በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ በ1886 ዓ.ም. መጋቢት ወር ስታርፍ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አባቱ ራስ መኮንን የሐረር ገዥ፣ የዐድዋ ጀግና፣ የአጼ ምኒልክም የቅርብ ሰው ነበሩ፤ ኢጣልያን አይተዋል፣ በኋላም በእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ በዓል ለንደን ደርሰዋል። የባዕድ መልእክተኛ የሚናገረውን በአስተርጓሚ አፍ ብቻ መስማት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከውጫሌው ውል በኋላ ማን ያላወቀ ነበር? ስለዚህ ልጃቸው አማርኛና ግዕዝ ከተማረ በኋላ የፈረንሳይ ቋንቋ እንዲጨምር ፈቀዱ።

መጀመሪያ ያስተማረው ቪታልየን የሚባል ከጓዴሎፕ የመጣ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ ግን በሽተኛ በዝቶበት ጊዜ አጣ። በዚያም ወራት በሐረር የካፑቺን መነኮሳት አለቃ ሞንሴኞር እንድርያስ ዣሮሶ ነበሩ፤ ረጅም ጢም ያላቸው፣ ቡናማ ቀሚስ ለብሰው ወገባቸውን በገመድ የታጠቁ ፈረንሳዊ፣ በ1892 ዓ.ም. አካባቢ የጵጵስና ማዕረግ የተቀበሉ። ራስ መኮንን ወዳጃቸው ነበሩና መምህር ጠየቋቸው። ጳጳሱም ከአገሩ ልጆች አንዱን፣ አባ ሳሙኤልን ሰጡ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል። አባ ገብረ ሚካኤል የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን በ1847 ዓ.ም. በእስር ሳሉ አርፈዋል። የካቶሊኩ ጳጳስ አቡነ ማስያስ በአጼ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ የተባረሩት ተፈሪ ከመወለዱ ዐሥራ ጥቂት ዓመት ቀድሞ ነው። ከኢትዮጵያ መኳንንት አንዱ ልጁን ለካቶሊክ ካህን ሲሰጥ ሐሜት እንደሚከተለው ያውቃል። ራስ መኮንን ግን ሰጡ፤ አባ ሳሙኤልም አደራውን ጠበቁ። ልጁ በተዋሕዶ ሃይማኖቱ ጸና፤ መምህሩም በራሳቸው እምነት ጸኑ። በእኔ ሚዛን ከፈረንሳይኛው ትምህርት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ከተፈሪ ጋር የአክስቱ ቤተሰብ የሆነው እምሩ ኃይለ ሥላሴ በአንድ ቤት አድጎ ከአንዱ መምህር ተማረ። እርሱም በኋላ ራስ እምሩ ተባለ፤ በሽሬ ግንባር ተዋጋ፤ ተማርኮም በኢጣልያ አገር በግዞት ኖረ። «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለውን የሕይወት ታሪኩንም ጽፎ ተወ። ከአንድ ካህን እግር ሥር ሁለት ጸሐፊዎች ተነሡ ማለት ነው።

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመሙ፤ ወደ ቁልቢም ተመለሱ። ቁልቢ ራሳቸው የገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ ነው። ሞት እንደ ቀረበ ባወቁ ጊዜ ልጃቸውን ለአጼ ምኒልክ አደራ ብለው ጻፉ፤ በመጋቢትም አረፉ። ተፈሪ ያን ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ደጃዝማችነት ከተሾመም ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። የሥልጣኑ አደራ ለአጼ ምኒልክ ሆነ፤ የአእምሮው ሞግዚትነት ግን ከአባ ሳሙኤል አልወጣም፤ ደጃዝማች ተፈሪ በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን አገር ሐረርን በተሾሙበት ዘመንም መምህሩ ከአጠገባቸው ነበሩ።

በ1907 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ደጃዝማች ተፈሪ ከሰዎቻቸው ጋር በሐሮማያ ሐይቅ በጀልባ ሄዱ። ጀልባይቱም ከዳር ርቃ ሳለ ውሃ ገባባት፤ ሰጠመችም። ደጃዝማች ተፈሪ ከሞት ተረፉ፤ ከሞቱት መካከል ግን አባ ሳሙኤል ነበሩ። ደጃዝማቹን ለማዳን ሲሉ ሞቱ የሚሉም አሉ። ያ ሐይቅ በእኛ ዘመን ደርቆ ሰው በእግሩ ተሻግሮታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ጥልቅ ነበር። ተማሪያቸው በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ፣ በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ አባ ሳሙኤል አላዩም።

በ1928 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ንጉሡ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን የተናገሩት በአማርኛ ነው። በባዝ ሆነው መጽሐፉን ያዘጋጁትም በአማርኛ ነው። በዚያው ወራት በዋግና በላስታ አርበኛው በጫካ ነበረ፤ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በ1930 ዓ.ም. መባቻ ከጠላት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። እንዲህ ባለ የመከራ ዘመን የመምህርን ውለታ ለመጻፍ ቦታ የሰጠ ሰው ውለታው ምን ያህል ከውስጡ እንደ ነበረ ያስታውቃል። ስለ አባ ሳሙኤል ትሕትናና ስለ ዕውቀት ፍቅራቸው የመሰከሩት ቃል ያለ ሽንገላ የተጻፈ ነው፤ ለሞተ መምህር መሸንገል ለማንም አይጠቅምምና።

አባ ሳሙኤልን የሰጡት ጳጳስ ሞንሴኞር እንድርያስ በጣልያን ዘመን ከሚወዷት ሐረር ወጥተው በ1933 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር አረፉ፤ ንጉሡ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ በሕይወት አልነበሩም። መጽሐፉም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ተብሎ በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። እናንተ በሰቆጣ፣ በኮረምና በላሊበላ ታሪክ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ የማይጨውን ምዕራፍ ብቻ አታንብቡላቸው፤ የመጀመሪያውንም ምዕራፍ አንብቡላቸው።