ደም ከንቱ እንዳይቀር፦ የጉዳት ካሳ ከአርሽ ሥርዓት እስከ መኪና ዘመን

በመኪና የተገጨ ሰው ጉዳይ ለሽምግልና ወደ መስጂድ ሲመጣ «የአላህ ቀደር ነውና ይቅር በሉ» የሚለው ቃል ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በስሕተት የሚደርስ ጉዳትም በቀደር የሚደርስ ሆኖ ሳለ ሸሪዓችን ካሳ ደንግጎለታል። የዚህን ካሳ ታሪክ በአጭሩ የምንመለከተው ለዚህ ነው።

ዐምር ኢብኑ ሐዝም (ረ.ዐ) ወደ የመን በተላኩበት ደብዳቤ የካሳው ልክ ተዘርዝሯል፤ ሙሐዲሶች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩም ፉቀሃዎች ይዘቱን ተቀብለው ሠርተውበታል። ለነፍስ 100 ግመል፣ ለአንድ ዓይን፣ ለአንድ እጅ ወይም ለአንድ እግር 50፣ ለእያንዳንዱ ጣት 10፣ ለአንድ ጥርስ 5 ግመል ተወሰነ። ልኩ ላልተወሰነለት ጉዳት ዳኛው በባለሙያ ግምት ይፈርዳል፤ ይህም ሑኩመቱል ዐድል ይባላል። ግመል በሌለበት አገር ምን ይከፈላል የሚለውን ደግሞ ዑመር (ረ.ዐ) በወርቅ 1,000 ዲናር ብለው ወሰኑ።

ከልኩ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን የከፋዩ ማንነት ነው። በስሕተት ለጠፋ ነፍስ ዲያውን የሚሸከመው ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ዓቂላው፣ ማለትም የአባት ወገን ዘመዶቹ ናቸው፤ ክፍያውም በሦስት ዓመት ይከፋፈላል። ሐነፊዮች ከዑመር ሥራ ተነሥተው ለዲዋን ሰዎች ዓቂላቸው መዝገቡ ነው ሲሉ፣ ሻፊዒዮች በዝምድናው ጸንተዋል። ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀርስ? ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህል በኸይበር ተገድለው በተገኙ ጊዜ ገዳዩን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ደማቸው ከንቱ እንዳይቀር ከሰደቃ ግመሎች 100 ከፈሉ። በእኛ እይታ የሥርዓቱ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተጎጂው ሐቅ በገጪው መገኘት ወይም ሀብት ላይ አልተንጠለጠለም።

መኪና ሲመጣ ጥያቄው ታደሰ። እንስሳ የራሷ ፈቃድ አላት፤ መኪና ግን በነጂው እጅ ያለ መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ መጅመዕ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባካሄደው ስብሰባ ነጂው በስሕተትም ቢሆን ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አጸና። ከዚህ የለየው ሊከላከለው የማይችለው ኃይል ሲያጋጥመው፣ ለአደጋው ዋናው ምክንያት የተጎጂው ድርጊት ሲሆን፣ ወይም ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ሲሆን ነው።

በአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት ያለ ጥፋትም ኃላፊ ያደርጋል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ኋላም በ799/2005 ግዴታ ሆነ፤ ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂዎችም ፈንድ ተቋቋመ። ይህን ያነበበ የኸይበርን ጉዳይ ሳያስታውስ አይቀርም። መጅመዑ የንግድ መድንን ውል እ.ኤ.አ. በ1985 አልተቀበለውም፤ ተጎጂው ግን የውሉ ወገን አይደለም፤ የሚቀበለው በገጪው ላይ ያለውን ሐቁን ነው። መድን ሰጪው የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ጉዳት ከባለቤቱ ይጠየቃል።

ሱልሕ የተወደደ ነው፤ ይቅርታም እንዲሁ። ሆኖም ይቅር ማለት የሚችለው ባለሐቁ ነው። እግሩን ያጣ ሕፃን ካሳ የራሱ ገንዘብ በመሆኑ፣ በአብዛኞቹ ፉቀሃዎች ዘንድ ወሊዩ ያለ ምትክ ሊተወው አይችልም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና መሰሎቻቸውን እንጂ የአደጋ ካሳን አይጨምርም። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የይርጋው ጊዜም 2 ዓመት ነው። በሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት ደግሞ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። በሐዘን ሳምንት፣ የሕክምናው ወጪ ገና ሳይታወቅ፣ ኢማሙ ባሉበት የሚፈረም ወረቀት ይህን ያህል ኃይል አለው።